ከጥቁሩ ላስቲክ ወዲያ

ሙዘይን በሕይወቱ አንዲት ሲጋራ እንኳ አጭሶ አያውቅም። በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን ሠላሳ ስምንት እግር ሐሺሽ ያበቀለ ሰው ተብሎ ሰፍሯል። እዚያ መዝገብ ላይ ያለውን ቃሉን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህን ከጅምሩ የምናገረው፣ ኋላ ላይ «የራሱን ጉድ ደብቆ የሰው ሲያወራ ነበር» እንዳትሉኝ ነው።

ስሜ ፊልሞን ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ሆፕኪንስ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ፣ እሱ ሁለተኛ ፎቅ እኔ ሦስተኛ፣ አሥር ዓመት አብረን ኖርን። እሱ ሙስሊም እኔ ጴንጤ፣ እሱ የወሎ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ። በአሥር ዓመት ውስጥ የተጣላነው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ሙዘይን የሐይቅ ሰው ነው። በወጣትነቱ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ጣቢያው በተራ በተራ የሁለቱም ወገን ሠፈር ሆነ፤ ሙዘይንም «ለሁለቱም ወታደር ውሃ ሰጥተሃል» ተብሎ ተፈለገና ሸሸ። ሱዳን ሰባት ዓመት ከርሞ በፈረንጆቹ 1998 ሚኒያፖሊስ ገባ። ሲሸሽ ቱባ የምትባል የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ትቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁን በዓይኑ አላያትም።

የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው ከፕሊማውዝ ወዲያ፣ ሕንፃው አልቆ የበቆሎ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ነው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ እዚያ የአበባ ግሪንሃውስ ነበሯቸው፤ ረጃጅም የመስተዋት ቤቶች፣ በጋዝ የሚሞቁ። አንድ ጃንዋሪ ወስዶ አሳየኝ። ውጭው አፍንጫ ይቆርጣል፤ ውስጥ ስገባ መነጽሬ በላብ ተሸፈነ። ፀሐይ በአሥር ሰዓት ተኩል ጥላን ስትሄድ ከላይ የተሰቀሉት ትልልቅ መብራቶች እየተንጫጩ በሩ፤ ቤቱ በሙሉ ብርቱካንማ ሆነ።

«አበባው ቀኑ ያልመሸ ይመስለዋል» አለኝ ሙዘይን፣ እየሳቀ። «ተክልን በሙቀት ብቻ አታታልለውም። ሙቀቱ እንዳይሞት ነው። የሚያታልለው መብራቱ ነው።»

ለፈረንጅ ገና የሚሸጠው ቀይ ቅጠል አበባ ደግሞ ተቃራኒ ነበር። ያ ካልመሸበት አይቀላም። ስለዚህ ሙዘይን በመኸር ወራት በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥቁር ጨርቅ እየጎተተ ያለብሰዋል፣ ጠዋት ይገልጥለታል። አንድ ቀን ቢረሳ ወይም በቀዳዳ ብርሃን ቢገባ አበባው ግራ ይጋባል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልረሳም። ሽማግሌው «ከልጆቼ ይልቅ በአንተ እተማመናለሁ» ይሉት ነበር። ይህን ሲነግረን ደረቱ ይነፋል፤ ቢነፋም ይገባዋል።

በ2006 ሽማግሌው ደከሙ። ቤቶቹን አፈራረሱ፣ መሬቱን ለሰፈር ሠሪዎች ሸጡ፣ ከኋላ የቀረችውን አንዲት ግሪንሃውስ ግን ቁልፏን ለሙዘይን ሰጡት። «እስኪያፈርሷት ድረስ ያንተ ናት፤ ጋዙንና መብራቱን ራስህ ቻል» ብለው ወደ ሞቃት አገር ልጃቸው ጋ ሄዱ። ሙዘይን ብሉሚንግተን አንድ ሆቴል አንሶላ ማጠብ ጀመረ። ከሺፍት ሲወጣ ግን መኪናውን የሚያዞረው ወደ ግሪንሃውሱ ነው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ዘራ። እኛ በረዶ እየጠረግን ስንራገም እሱ ቃሪያ ለቅሞ ይመጣል። የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ በፌብሩዋሪ እሸት ቃሪያ የሚበላው በሱ ነው። ገንዘብ ስንሰጠው ይቆጣል።

አሁን የቱባን ነገር ልንገራችሁ፤ ሁሉም የሚመጣው በሷ ነው።

ሙዘይን እንደመጣ ወረቀቷን ጀምሮላት ነበር። እናቷ «አንድ ልጄን ባሕር ማዶ አልሰድም» ብላ እንቢ አለች። እንቢታዋን አከበረላትና ስደተኛ ቤተሰቡን የሚያስመጣበት የጊዜ ገደብ አለፈ። በ2005 እናቷ ሞተች። ቱባ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ደሴ አክስቷ ቤት። ሎየር ጋ ይዤው ሄድኩ። ሎየሯ የነገረችን አጭር ነው፦ ሙዘይን የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ልጁን ወረፋ ሳይጠብቅ ያመጣታል፤ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት መሆን አለበት። ከሞላት ወረፋው ዓመታት ነው። ቱባ ሃያ አንድ የሚሞላት ዲሴምበር 2009 ነው። ሙዘይን ያን ቀን መኪና ውስጥ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት።

ለዜግነት ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ሙዘይን ለአንድ ሺህ ተክል የላቲን ስም ያውቃል፤ «ባንዲራው ላይ ስንት ኮከብ አለ» ሲሉት ግን ይደነብራል። ሁለቴ ወደቀ። እዚህ ከአገባት ከከድሪያ የወለዳት ኢቅራ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችው፤ አስተማሪው እሷ ነበረች። እሱ በአማርኛ ይጠይቃታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«ዳድ፣ ኖ! ፊፍቲ! ፊፍቲ ስታርስ!»

«እሺ የኔ እመቤት፣ ሃምሳ» ይላል፣ እንደ ተማሪ ቀና ብሎ ተቀምጦ።

በሦስተኛው፣ ጃንዋሪ 2008 ላይ፣ አለፈ። የቀረው መሐላ ብቻ ነበር። የመሐላው ቀጠሮ ለማርች ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ኢቅራ በትምህርት ቤት በሠራችው የጥንዚዛ ማግኔት ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ውሃ ለመጠጣት የመጣ ሁሉ ያያል፤ ሙዘይንም ሰው ሁሉ ውሃ እንዲጠማው ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ ኢሀብ።

ኢሀብ የከድሪያ ወንድም የአብዱልሀፊዝ ልጅ ነው። በስድስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር መጣ፤ አባትየው ዜግነት ሲያገኝ ልጁም አብሮ ዜጋ ሆነ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ አባቱ በኩላሊት ሞተ። አብዱልሀፊዝ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የሙዘይንን እጅ ይዞ «ልጄን አደራ» ሲል እኔም ነበርኩ። ሙዘይን «አብሽር፣ ከልጄ አላሳንሰውም» አለ። እንዳለውም አላሳነሰው። እንዲያውም አስበለጠው፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይልም።

በ2007 መኸር ላይ ኢሀብ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ጥሏል፣ ሥራ አይበረክትለትም። አንድ ቀን መጣና «አንክል፣ የግሪንሃውሱን የኋላውን ግማሽ ስጠኝ፤ ቲማቲም ትራይ ላድርግ። የመብራቱንና የጋዙን ቢል እኔ ፔይ አደርጋለሁ» አለው። ሙዘይን ደስ አለው። ልጁ ወደ አፈር መጣልኝ ብሎ ለሳምንት ፈገግታው አልጠፋም። ኢሀብ ግሪንሃውሷን ከመሃል በጥቁር ላስቲክ ጋረዳት፣ መብራት ጨመረ፣ የኋላውን በር ቁልፍ ቀየረ። ለቲማቲም ቁልፍ!

ሙዘይን ያወቀው በጠረኑ ነው። ዘጠኝ ዓመት ተክል ውስጥ የኖረ ሰው አፍንጫ አይታለልም። የነገረኝ ታክሲዬ ውስጥ ነው።

«ፊልሞን፣ ያ ልጅ ከላስቲኩ ወዲያ የዘራው ቲማቲም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሐሺሽ ነው።»

መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። «ዛሬውኑ ንቀለው! ያምሃል እንዴ? ሲቲዝንሺፕህን አስብ እንጂ!»

«ብነቅለው ልጁ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። የአብዱልሀፊዝን አደራ በላሁ ማለት ነው። እስከ አረፋ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።»

«ለሐሺሽ ቀጠሮ ይሰጣል?»

«ለልጅ ይሰጣል» አለኝ።

አረፋ መጣ፣ በግ ታረደ፣ ኢሀብ ሥጋውን በላ፣ ተክሉ አልተነቀለም። «አንክል፣ ሁለት ወር ብቻ፤ ሊደርስ ነው» አለ። ሙዘይን ተቆጣ፣ ጮኸ፣ ከድሪያ አለቀሰች፣ ነገሩ አደረ። የቤት ገመና ነውና ከኛ ውጭ ማንም አልሰማም። ገመና ሸፍነን ሸፍነን ነው እዚህ የደረስነው።

ከዚያ የሆነውን ግን ገመና ብቻ ብዬ አላልፈውም። ሙዘይን ኩሩ ሰው ነው፤ ኩራቱ ደግሞ እጁ ላይ ነው። በዚያው ጃንዋሪ ኢሀብ ከጓደኞቹ ጋር ቺካጎ ሄዶ ሳለ ሂተሩ ጠፋ። ሙዘይን ጠዋት ሲደርስ የጎመኑ ጠርዝ በረዶ ይዞታል። ሂተሩን ጠግኖ አስነሳ። ከዚያ ላስቲኩን ገለጠ። ተክሎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ኢሀብ ውሃ አብዝቶባቸዋል፤ መብራቱን አናታቸው ላይ ሰቅሎ ቅጠላቸውን አቃጥሏል። ሙዘይን ቆሞ አያቸው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አፍሮም ተቆጥቶም ነበር፤ የተቆጣው በልጁ አበቃቀል ነው።

«ወላሂ፣ እንዲህ አድርጎ ተክል የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«መብራቱን ከፍ አደረግኩት። ሥሩን አናፈስኩለት።»

«ሙዘይን!»

«ተክሉ ምን አጠፋ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አፉ «ንቀል» ይላል፣ እጁ ያጠጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እነዚያ የጠወለጉ ነገሮች ቀና ብለው እስከ መስተዋቱ ደረሱ። ኢሀብ ከቺካጎ ሲመለስ አይቶ «አንክል፣ ዩ አር ኤ ጂኒየስ» አለው። ሙዘይን ይህንንም ነገረኝ፤ ሳያስበው ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ሄጄ በገዛ እጄ እንዳልነቅለው ግን ምን እንደያዘኝ እስካሁን አላውቅም። ቀጠሮው የሱ ነው፣ ቤቱ የሱ ነው፣ ብዬ ይሆናል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔም ከተኙት አንዱ ነበርኩ።

ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ከግሪንሃውሱ ጭስ ማውጫ ጥቁር ጭስ ሲወጣ አዩ። ያ ደግ ሐበሻ ቤቱ እንዳይቃጠልበት ብለው ለእሳት አደጋ ደወሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ባለፈው ክረምት ቃሪያ ሰጥቷቸዋል። እሳት አደጋዎቹ ሂተሩን አጠፉ፣ ጭሱ ከወዴት እንደሆነ ለማየት ጥቁሩን ላስቲክ ቀደዱት። ኢሀብ ከላስቲኩ ወዲያ የሽቦ አልጋ ላይ ተኝቷል። ፖሊስ ተጠራ።

ሙዘይን በዚያ ሰዓት ብሉሚንግተን፣ ሆቴሉ ምድር ቤት፣ አንሶላ እያጠፈ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። እዚያ አልነበረም።

ከድሪያ እሱ ጋ ደወለች፣ እሱ እኔ ጋ ደወለ፣ ከሆቴሉ በር አነሳሁት። ከድሪያ መንገዱን ሙሉ በስልክ ታለቅሳለች። ሙዘይን ድምፁን ከፍቶት ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«የወንድሜ አደራ ነው! በአላህ፣ ሙዘይን! እስር ቤት ካስገቡት አለቀለት!»

«ከድሪያ፣ የኔም ጉዳይ አለ እኮ። የቱባ ነገር አለ።»

«ቱባ ትደርሳለች። ይሄ ልጅ ግን የሚጠፋው ዛሬ ነው!»

ሙዘይን ስልኩን ዘጋ። ከዚያ «ትልቅ ሰው ሆነን ልጅ አስቀድመን አንቆምም» አለኝ። ገባኝ። እኛ አገር ልጅ ሲያጠፋ ለበደለው ሰው ልጁ አይቀርብም። ትልቁ ይቀርባል። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያላሳደግኩት፣ እኔን ቅጡኝ» ይላል። ይህን ያለን ሽማግሌ የሚቀጣ ሰው የለም። ተበዳዩ ራሱ ያፍርና «ተው፣ ተነሱ» ይላል፤ ነገሩ በምርቃት ያልቃል። ሙዘይን ሐይቅ አጎቶቹ ይህን ሲያደርጉ እያየ ነው ያደገው። እኔም አዲስ አበባ አባቴ በኔ ምክንያት ጎረቤት ፊት ሲያደርገው አይቻለሁ። ታዲያ ልክ መስሎኝ ነበር። ልክ ብቻ አይደለም፣ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያው ንጹሕና ጸጥ ያለ ነበር። ወጣት መርማሪ ተቀበለን። መጀመሪያ መብቱን አነበበለት፤ ዝም ማለት ትችላለህ፣ ጠበቃ መጠየቅ ትችላለህ። ተረጎምኩለት። ሙዘይን ቅር አለው።

«ዝም የሚል እኮ ጥፋተኛ ነው» አለኝ። «እኔ ልናገር ነው የመጣሁት።»

ተነሥቶ ቆመ። መርማሪው ተቀመጥ ሲለው እንቢ አለ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ቤቱ በእጄ ነው። ልጁም በእጄ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን ተውት።»

እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬን የምተማመን ሰው ነኝ። የሱ ንግግር አጭር መሰለኝ። ይቅርታ ሲጠየቅ ተትረፍርፎ ነው እንጂ በቁንጥር አይደለም ብዬ አሳመርኩት። «ግሪንሃውሱ የሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ተክል በሙሉ የሱ ነው፤ ልጁ የሚሠራው በሱ ትእዛዝ ነው» አልኩ። ማንም አላለኝም። ከራሴ ጨመርኩት። ጥፋቱን ባሳደግኩት መጠን ምሕረቱ የሚያድግ መስሎኝ ነው።

መርማሪው ሁሉንም ጻፈ። ሲጨርስ ሙዘይንን «አመሰግናለሁ» አለው። ራሱ ሄዶ በወረቀት ኩባያ ቡና አመጣለት። እኔና ሙዘይን ተያየን። እርቁ የወረደ መስሎን ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያን ቀን ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ሙዘይን ቃሉ ላይ ፈረመ።

ኢሀብ የዚያኑ ዕለት ምሽት ተለቀቀ። ሙዘይን እዚያው ቀረ።

መንግሥት የመደበለት ጠበቃ ልጅ እግር ነበር፣ ግን ሞኝ አልነበረም። «ሰውየው ሥራ ቦታ ነበር፤ የሆቴሉ የሥራ ሰዓት ካርድ ይመሰክርለታል። ቃሉን እናንሳ» አለ። ሙዘይን «በሰው ፊት የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ። ለመንኩት። ዳኛዋ ፊት ቀርቦ «ተክሎቹን አንተ ነህ የተንከባከብከው?» ሲባል ደግሞ ምን ይበል? ማሏል። «አጠጥቻለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ አጠጥቷል። ሠላሳ ስምንቱንም።

እስሩ አጭር ነበር። ቅጣቱ ሌላ ቦታ ነው የመጣው። የመሐላው ቀጠሮ ተሰረዘ። ቀጥሎ ግሪንካርዱ ተነጠቀ፣ ከአገር ይውጣ ተባለ። ወደ አገሩ የሚያስገባው ወረቀት ግን ከኤምባሲው ስላልመጣ አልወጣም። በየወሩ ብሉሚንግተን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ ይፈርማል፤ የማደርሰው እኔ ነኝ። ቱባን ሊያመጣት አይችልም። ሊያያት ከሄደም መመለስ የለም፤ ኢቅራ እዚህ አለች። የቀድሞዋ ሎየራችን መዝገቡን አገላብጣ ስታበቃ አንገቷን ነቀነቀች።

«ልጁ ዜጋ ነው፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው» አለችኝ። «እሱ ቢጠየቅበት ኖሮ ምናልባት ፕሮቤሽን ነበር፤ ሳይታሰር፣ በክትትል ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር ከአገር የሚያስወጣው ዜጋ ያልሆነውን ብቻ ነው። ለምንድን ነው እሱን ያስቀደማችሁት?»

ትልቅ ሰው ስለሆነ ነው ልበላት?

አንድ መንገድ ቀርታ ነበር። ኢሀብ «ተክሉ የኔ ነበር» ብሎ ምሎ ቢፈርም፣ ሎየሯ መዝገቡን ለማስከፈት ትሞክራለች። ጊዜው በጋ 2009 ነበር፤ የቱባ ልደት ስድስት ወር ቀርቶታል። ለሙዘይን አልነገርነውም። እኔ፣ ከሕንፃችን የአውቶቡስ ሾፌሩ መርጋ እና ከመስጊድ አንድ ሼህ፣ ሦስት ሆነን ኢሀብ ጋ ሄድን። ብሉሚንግተን የራሱን አፓርትመንት ይዟል፤ ትልቁ የገበያ ማዕከል፣ ሞሉ ውስጥ ስልክ ይሸጣል። ሰው ሆኗል፤ አልዋሽም። በሩን ከፈተ፣ «ካም ኢን፣ ሲት ዳውን» አለ።

አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ አይቀመጥም። የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ እንደቆመ ነው፤ ባለቤቱም ሽማግሌ አቁሞ ማስቀረት ስለሚከብደው ይረታል። ሼሁ ቆመው ተናገሩ። መርጋ ቆሞ ተናገረ። እኔ ቆሜ ሎየሯ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት፤ የቱባን ዕድሜ፣ የቀረውን ወር፣ ያ ሰው ምን እንዳደረገለት። ኢሀብ መሬት መሬት አየ። ፈርቷል። ጆቤን አጣለሁ፣ ሪከርድ ይኖረኛል አለ። ከዚያ ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ።

«አይ ኔቨር አስክድ ሂም ቱ።»

እኔ አልጠየቅኩትም ማለቱ ነው። ለሼሁ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ፤ ይህቺን እንኳ ምንም አልጨመርኩባትም።

ቆመን ጠበቅን። ቴሌቪዥኑ ላይ ቤዝቦል ነበር። ኢሀብ ትንሽ እኛን አየ፣ ትንሽ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ወደ ጨዋታው ዞረ። ንቀት አልነበረም። መቆማችን ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። ሼሁ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግፈን ወጣን።

የተጣላነው ያን ቀን ነው። ለሙዘይን ሄጄ ነገርኩት፤ የሚናደድልኝ መስሎኝ። ጎንበስ ብሎ መስኮቱ ሥር በቆርቆሮ የተከላትን ጤና አዳም እያጠጣ ነበር፤ ግሪንሃውሷን አፍርሰዋታል።

«ልክ ነው» አለ። «አልጠየቀኝም።»

«ልክ ነው? ልክ ነው ትለኛለህ?» ጮህኩበት። «ልጅህን በሱ ለወጥካት እኮ! አንተ ትልቅ ሰው ልትባል ብለህ! እኔም ረዳሁህ!»

«ጥፋቱ...» ብሎ ሲጀምር በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ወጣሁ። ያን ቃል ዳግመኛ ብሰማው የምሞት መሰለኝ። ለአንድ ወር አልተነጋገርንም። ከዚያ የፊርማው ቀን ደረሰና መኪናዬን አስነስቼ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

ዲሴምበር 2009 ቱባ ሃያ አንድ ሞላት። ሙዘይን ጠራኝ። ከድሪያ ሶፋው ላይ፣ ኢቅራ ወለሉ ላይ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ተከፍቶ። ኢቅራ አይታት ለማታውቀው እኅቷ «ሃፒ በርዝደይ» ዘመረችላት። ቱባ ሳቀች፤ ሳቋ የአባቷን ይመስላል። ከዚያ በየጊዜው የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«አባዬ፣ ጉዳዬ ከምን ደረሰ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ስንላት ኖረናል። ሙዘይን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቱባዬ፣ ጉዳይሽ ቀርቷል። ከእንግዲህ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምን አጥፍተህ?»

«የማይዘራ ተክል አበቀልኩ። ሐሺሽ።»

ውሸት ነው ብዬ ልጮኽ፣ እንዲህ ሆኖ ነው፣ ላስቲክ ነበር፣ ሌላ ልጅ ነበር፣ እኔም ነበርኩበት ብዬ ልነግራት እጄን ወደ ስልኩ ዘረጋሁ። ከድሪያ አየችኝ። የወንድሟን ልጅ ስም እንዳላነሳባት የለመነችኝ በዓይኗ ነው። እጄን መለስኩ። ይህንንም ጻፉብኝ።

«አውፍ በይኝ ልጄ» አለ ሙዘይን። ተነሥቶ ቆሟል፤ እንደዚያ ቀን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል፣ አንገቱን ሰብሯል፣ ልጅቷ የምታየው ይመስል።

በእኛ ወግ ጥፋቱን ያመነ ሰው ይቅር ይባላል። ሙዘይን ቆሞ ጠበቀ። ኢቅራ ናት ጎንበስ ብላ የተዘጋውን ስልክ ያየችው።

«ዳድ» አለች፣ «ሺ ሃንግ አፕ።»